የጨበጠች እጅ አልፈታ ስላለችበት ምክንያት

በዛሬው ንግግራችን የምናቀርብልዎ ስለ አንድ ሕመም የተደረገውን የምርምር ታሪክ ነው። ታሪኩ የጀመረው በአንዲት ትንሽ ከተማ በሚኖሩ ሐኪም ቤት ሲሆን፤ የደረሰው ግን በዓይን ቀርቶ በተራ ማጉያ መነጽር እንኳ ሊታይ በማይችል እጅግ በረቀቀ ሥፍራ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ1876 ዓ.ም. ሽሌስቪግ በተባለው የሰሜን ጀርመን አውራጃ፤ ካፕልን በምትባለው ከተማ፤ ዶክተር ጁልየስ ቶምሰን የሚባሉ ሐኪም ስለ ራሳቸውና ስለ ቤተ ዘመዶቻቸው ሕመም አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ሐኪም ስለ ገዛ ሕመሙ መጻፉ ብርቅ ነው፤ የቤተ ሰቡን ነውር መስሎ የሚታየውን ነገር በአደባባይ መግለጹ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ብርቅ ነው። እርሳቸውን ለዚህ ያበቃቸው የልጃቸው ነገር ነበር። ሽሌስቪግ ከ1864ቱ ጦርነት በኋላ ከዴንማርክ ተለይቶ ወደ ፕሩስያ የገባ አገር ስለሆነ፤ ወጣቶቹ ለፕሩስያ ጦር ሠራዊት ይመለመሉ ነበር። የዶክተር ቶምሰን ልጅም ተራው ደርሶ በተጠራ ጊዜ፤ ሕመሙን ለማምለጫ የፈጠረው ነው ተብሎ ተወነጀለ።

ስለምን እንደ ተጠረጠረ ለመረዳት የሕመሙን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ማዮቶኒያ የሚባለው ይህ ሕመም ያለበት ሰው ሲያዩት ደካማ አይመስልም፤ እንዲያውም ጡንቻው ከሌላው ሰው የዳበረ ሊሆን ይችላል። ቆይቶ ከተቀመጠበት ድንገት ብድግ ሲል ግን እግሩ እንደ ደረቀ እንጨት ቀጥ ይልበታል። አንድ ነገር አጥብቆ ከጨበጠ በኋላ ልልቀቅ ቢል ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል፤ ጥቂት ሴኮንዶች ካለፉ በኋላ ነው ቀስ በቀስ የሚፈቱለት። የሚያስደንቀው ደግሞ ያንኑ ሥራ ደጋግሞ ሲሠራው በመክበድ ፈንታ እየቀለለው መሄዱ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ «ወደ ፊት ሂድ» ተብሎ በታዘዘ ጊዜ ተገትሮ የሚቀር፤ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ግን እንደ ጓደኞቹ ሆኖ የሚራመድ ጎልማሳ በሰልፍ ሜዳ ላይ ቢያዩ ምን ይሉት ነበር? ሐኬተኛ ነው ማለት ይቀናዎት እንደ ነበር አንጠራጠርም።

ዶክተር ቶምሰን ሕመሙ በዘር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ መሆኑን የቤተ ዘመዶቻቸውን ትውልድ እየቆጠሩ አስረዱ። ይሁን እንጂ ልጃቸውን ከሐሰት ክስ ሊያድኑ የተነሡት አባት ራሳቸው፤ በጽሑፋቸው አርእስት ላይ የሕመሙን ምክንያት በዘር የተወረሰ የአእምሮ ዝንባሌ ብለው ሰይመውታል። ይህም ልጄ አላስመሰለም፤ ነገር ግን ጉድለቱ ከሐሳቡ ነው እንደ ማለት ይቈጠራል። በዚያ ዘመን ጡንቻ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ አጣርቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረምና በዚህ ሊወቀሱ አይገባም። ማዮቶኒያ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከአእምሮ ሕመም ጋር እየተጠጋጋ ሲነገር ኖረ።

ከዚህ ከ33 ዓመት በኋላ፤ በ1909 ዓ.ም.፤ ሐንስ ሽታይነርት የተባሉ የላይፕሲሽ ሐኪም የቶምሰንን ሕመም የሚመስል፤ ነገር ግን ከዚያ የከፋ ሌላ ሕመም ለይተው ገለጹ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ባተንና ጊብ የተባሉ ሁለት ሐኪሞችም ስለዚሁ ሕመም ጽፈዋል። የእነዚህ ሕሙማን እጅ እንደዚያው ጨብጦ አልፈታ ይላል፤ ከዚህም በላይ የፊታቸው፤ የአንገታቸውና የክንዳቸው ጡንቻ ከዓመት ወደ ዓመት እየሟሸሸ ይሄዳል። ኋላ እንደ ታወቀው ደግሞ የዓይን ሞራ ዕድሜያቸው ሳይገፋ ይጋርዳቸዋል፤ የልባቸው ምት ይዛባል፤ ሳይታሰብ ድንገት የሚሞቱም ከመካከላቸው አሉ። ይህ ሕመም ማዮቶኒክ ዲስትሮፊ ይባላል። የሕክምና መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ከ8,000 ሰው አንዱን ያህል ያገኛል ሲሉ ቈይተዋል።

ማዮቶኒክ ዲስትሮፊ አንድ እንግዳ ጠባይ ነበረው። ብሩኖ ፍላይሸር የተባሉ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በ1918 ዓ.ም. የሕሙማኑን የቤተ ሰብ ሐረግ ወደ ላይ እየተከተሉ ሲመረምሩ፤ በቀደሙት ትውልዶች የዓይን ሞራ ብቻ የነበረባቸውን ሰዎች አገኙ። አያትየው በእርጅናው ዘመን ዓይኑን ከመጋረዱ በቀር ጤነኛ ነው፤ ልጁ በጎልማሳነቱ እጁ ይያዝበታል፤ የልጅ ልጁ ግን ገና ከሕፃንነቱ ይደክማል። ሕመሙ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ በለጋ ዕድሜ እየያዘና እየከፋ ይሄዳል ማለት ነው።

ይህን ነገር የሕሙማኑ ዘመዶች በገዛ ዓይናቸው የሚያዩት ሲሆን፤ የዘር ዕውቀት ሊቃውንት ግን ሊቀበሉት አልፈለጉም። በ1948 ዓ.ም. እጅግ የተከበሩት የለንደን ሊቅ ላይነል ፔንሮዝ ነገሩ እውነት ሳይሆን ከአቈጣጠር ስሕተት የመጣ ነው ሲሉ ጻፉ። ነገራቸው እንዲህ ነው፤ ገና በልጅነቱ ክፉኛ የታመመ ሰው ልጅ ሳይወልድ ስለሚቀር ከወላጆች መካከል የሚታዩት ቀላል ሕመም ያገኛቸው ብቻ ናቸው፤ ሐኪም ዘንድ የሚመጡት ልጆች ደግሞ የከፋባቸው ናቸው፤ ስለዚህ ከቀላል ወላጅ ከባድ ልጅ የሚወለድ ይመስላል እንጂ እንዲያ አይደለም። ክርክሩ ጥበብ የሞላበት ነበር። በአነጋገሩ ብልህነት ምክንያትም ጉዳዩ ከ40 ዓመት በላይ ተዘጋ። በእኛ አስተያየት ግን ባላገር እናት ስለ ልጆቿ የምትናገረውን ቃል በስሌት ብቻ ውድቅ ማድረግ ሊቅነትን አያስመሰግንም፤ ፍርዱም ኋላ እንዴት እንደ ተገለበጠ እንመለስበታለን።

አሁን ከሐኪሞቹ ቤት ወጥተን ወደ ፍየል በረት እንሂድ፤ የእጅ መያዝ ምስጢር በመጀመሪያ የተፈታው በፍየል ነውና። በአሜሪካ፤ በቴኔሲ ክፍለ ሀገር፤ ከ1880ዎቹ ጀምሮ የታወቁ ፍየሎች አሉ። እነዚህ ፍየሎች ሲደነግጡ አራት እግራቸው ቀጥ ብሎ ይደርቅና እንደ ተገፋ ዱካ በጎናቸው ይወድቃሉ። ሰዎች ራሳቸውን ሳቱ ይላሉ እንጂ ፍየሎቹ ነፍሳቸውን አይስቱም፤ ጥቂት ቈይተው ተነሥተው ይሄዳሉ። ባለቤቶቻቸውም አጥር መዝለል ስለማይሆንላቸው ወደዷቸው፤ አጥር የማይዘል ፍየል ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሰጥ ፍየል ያረባ ሰው ያውቀዋል።

በ1939 ዓ.ም. ብራውንና ሐርቪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እነዚህን ፍየሎች መርምረው፤ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚወርደው ትእዛዝ ቢቋረጥም እንኳ ጡንቻው ያንኑ መድረቁን እንዳልተወ አረጋገጡ። እንግዲህ በሽታው በአእምሮም፤ በነርቭም ሳይሆን በጡንቻው ውስጥ ነው ማለት ነው። የቶምሰን ጽሑፍ ከወጣ 63 ዓመት ሆኖት ነበር።

እኛ የሬዲዮ ሰዎች ስለ ድምፅ መናገር እንወዳለንና አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ሐኪሞች የጡንቻን ኤሌክትሪክ በቀጭን መርፌ ተቀብለው በድምፅ ማጉያ የሚያዳምጡበት መሣሪያ አላቸው። የጤነኛ ሰው ጡንቻ ሲያርፍ መሣሪያው ጸጥ ይላል። ማዮቶኒያ ያለበት ጡንቻ ግን መርፌው ገና ሲነካው፤ ከሰማይ ተወርውሮ እንደሚወርድ የጦር አይሮፕላን ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ያጓራል። እጁ የማይፈታበት ምክንያት በጆሮ የሚሰማ ነው፤ ማንም ሳያዝዘው ጡንቻው ለራሱ ትእዛዝ እየሰጠ ይንጫጫል።

ይህ ኤሌክትሪክ ከየት ይመጣል? ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው በውሃ ሲሟሟ ሶዲየምና ክሎራይድ ወደሚባሉ ሁለት ክፍሎች ይለያያል፤ ሁለቱም የኤሌክትሪክ ኀይል የተሸከሙ ሲሆኑ ሶዲየም ፖዘቲቭ፤ ክሎራይድ ኔጋቲቭ ነው። እንዲህ ያሉት ደቃቆች አዮን ይባላሉ። ሰውነታችን የተሠራባቸው ሕዋሳት ሽፋናቸው ቅባትነት ስላለው አዮን አያሳልፍም፤ ስለዚህ ለየአዮኑ የሚከፈቱና የሚዘጉ፤ ከፕሮቲን የተሠሩ ጥቃቅን በሮች አሉት። ሆጅኪንና ሐክስሊ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን፤ ስኲድ ከሚባለው የባሕር እንስሳ የወጣ እጅግ ወፍራም የነርቭ ክር ይዘው፤ የነርቭ ምልክት ሶዲየም ወደ ውስጥ ሲገባ እንደሚነሣ፤ ፖታሲየም ወደ ውጭ ሲወጣ እንደሚበርድ በ1952 ዓ.ም. በስሌት ጭምር አስረዱ፤ በ1963 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ጡንቻም በዚሁ ሥርዓት ይነቃል።

በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሺርሊ ብራያንት ከባልደረባቸው ከሊፒኪ ጋር የቴኔሲዎቹን ፍየሎች ጡንቻ በዚህ ዕውቀት መዘኑት። በ1966 እና በ1969 ዓ.ም. ካወጧቸው ጽሑፎች እንደሚታየው፤ ጉድለቱ ሁሉ በሚጠብቁት በሶዲየም ወይም በፖታሲየም በር ሳይሆን በክሎራይድ በር ተገኘ፤ የፍየሎቹ ጡንቻ ክሎራይድን እምብዛም አያሳልፍም። በ1971 ዓ.ም. ይኸው ጉድለት ማዮቶኒያ ባለባቸው ሰዎች ጡንቻ ላይ ታየ። ክሎራይድ እስከዚያ ድረስ እንደ ተራ አጃቢ ይቈጠር ነበር። በጡንቻ ላይ ግን ሥራው ማርገብ ነው። ጡንቻ እያንዳንዱን ትእዛዝ ሲቀበል ጥቂት ፖታሲየም ወደ ጠባብ ቦዮቹ ይወጣና ይጠራቀማል፤ ይህም ጥርቅም ጡንቻውን መልሶ ለማንቃት ይዳዳዋል። በጤነኛ ጡንቻ የክሎራይድ በሮች ይህን ያበርዱታል። በሮቹ ከጎደሉ ግን አንዱ ምልክት ሌላውን፤ ያም ሌላውን እየቀሰቀሰ ይቀጥላል፤ እጅም ተጨብጣ ትቀራለች።

ቶማስ የንች የተባሉ ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1990 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የክሎራይድ በር ጂን ኤሌክትሪክ ከሚያመነጭ የባሕር ዓሣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የጡንቻውን በር ጂን ከአይጥ አገኙ። ጂን ማለት ለአንድ ፕሮቲን የሚሆነው የትውልድ ጽሑፍ ነው። በ1992 ዓ.ም. በቶምሰን ሕመም በተያዙ ቤተ ሰቦች ዘንድ ይኸው ጂን ስሕተት ያለበት ሆኖ ተገኘ። ወጣቱ በሐኬት ከተከሰሰ ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነገሩ ያለ ክርክር ተቈረጠ።

የሽታይነርት ሕሙማን ነገር ግን ከዚያው ቀረ። እነርሱም እጃቸው ጨብጦ አይፈታም፤ የክሎራይድ በራቸው ጂን ግን ፊደል ሳይጎድለው ሙሉ ነው። ጽሑፉ ደኅና ሆኖ በሩ እንዴት ይጎድላል? ይህን ለመመለስ ከጡንቻ ወጥተን ጽሑፉ እንዴት እንደሚነበብ ማየት ግድ ይሆንብናል።

የትውልድ ጽሑፋችን፤ ዲ ኤን ኤ የሚባለው፤ ከዕቃ ቤት እንደማይወጣ የብራና መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በሕዋሱ ማዕከል፤ ኒውክሊየስ በሚባለው ክፍል ተቀምጦ ይኖራል። ፕሮቲን እንዲሠራ በተፈለገ ጊዜ ተፈላጊው ክፍል አር ኤን ኤ በሚባል ሌላ ሰንሰለት ላይ ይገለበጥና ወደ ውጭ የሚላከው ግልባጩ ነው። እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ ሊቃውንቱ ግልባጩ ከመጽሐፉ ጋር ፊደል በፊደል የሚተካከል ይመስላቸው ነበር። በዚያ ዓመት በአሜሪካ የፊሊፕ ሻርፕ ወገኖች በአንድ በኩል፤ የሪቻርድ ሮበርትስ ወገኖች በሌላ በኩል፤ አዴኖቫይረስ በሚባለው ተሐዋሲ ላይ ሲሠሩ ይህ እምነት ፈረሰ። ግልባጩን ከመጽሐፉ ጋር አጋጥመው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ፤ በግልባጩ ውስጥ አቻ ያጣው የመጽሐፉ ክፍል እንደ ቀለበት እየጎበጠ በየቦታው ወጣ ብሎ ታየ። ጸሐፊው ከገለበጠ በኋላ መካከል መካከሉን ቈርጦ ጥሎ የቀረውን ቀጣጥሎታል ማለት ነው። በ1993 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለሻርፕና ለሮበርትስ ተሰጠ። በሮበርትስ ወገን የማይክሮስኮፑን ሥራ የሠሩት ሉዊዝ ቾው የምትባል ሴት መቅረቷ ግን ሲያነጋግር ይኖራል፤ ለእኛም ተገቢ ሆኖ አልታየንም።

ወልተር ጊልበርት የተባሉ ሊቅ በ1978 ዓ.ም. የሚቀሩትን ቁራጮች ኤክሶን፤ የሚጣሉትን ኢንትሮን ብለው ሰየሙ፤ አቀጣጠሉ ከተለዋወጠ ከአንድ ጂን ልዩ ልዩ ፕሮቲን ሊወጣ እንደሚችልም አመለከቱ። ይህም ብዙ ሳይቈይ ተረጋገጠ። በ1982 ዓ.ም. አንዱ ጂን በአንገት ባለው የታይሮይድ ዕጢ ካልሲየምን የሚቈጣጠር ሆርሞን፤ በአንጎል ውስጥ ግን ፈጽሞ ሌላ የሆነ የነርቭ መልእክተኛ እንደሚያወጣ ታየ። መጽሐፉ አንድ ነው፤ ንባቡ እንደየደብሩ ይለያያል።

ነገሩ ወደ አዮን በሮች የደረሰው በዝንብ በኩል ነው። ኤተር ሲያሸትት እግሩ የሚንቀጠቀጥ አንድ የዝንብ ዘር አለ፤ ጂኑም በእንግሊዝኛ ሼከር፤ ተንቀጥቃጭ፤ ይባላል። በሳን ፍራንሲስኮ ሊሊ ጃንና ዩ ኑንግ ጃን የተባሉ ባልና ሚስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ጂን በ1987 ዓ.ም. አግኝተው የፖታሲየም በር መሆኑን ካወቁ በኋላ፤ በ1988 ዓ.ም. ከዚያው ከአንዱ ጂን በአቀጣጠል ልዩነት ብዙ ዓይነት በሮች እንደሚወጡ አስታወቁ። አንደኛው በር ተከፍቶ ወዲያው ይዘጋል፤ ሌላው ዘግየት ይላል። የጥቂት ቁራጮች መለዋወጥ የነርቭን ጠባይ ለመለወጥ ይበቃል። የሰው ልጅ ጂኖች ወደ 20,000 ገደማ መሆናቸው በታወቀ ጊዜ ብዙ ሰው ቍጥሩ አንሶበት ተገርሞ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ምርመራ ግን በቁራጭ ከተጻፉት የሰው ጂኖች ከመቶ ከ90 የሚበልጡት ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ እንደሚቀጣጠሉ ታወቀ። ልብ፤ አንጎልና ጡንቻ ከአንዱ መጽሐፍ እያነበቡ ሦስት ልዩ ልዩ ሥራ የሚሠሩት በከፊል በዚህ ነው።

ወደ ሽታይነርት ሕሙማን እንመለስ። በ1992 ዓ.ም. የሕመማቸው ሥር በ19ኛው ክሮሞዞም ላይ ተገኘ፤ የክሎራይድ በር ጂን ያለው ግን በ7ኛው ላይ ነው። ስሕተቱም ከዚያ በፊት እምብዛም ያልታወቀ ዓይነት ነበር። በጤነኛ ሰው ዘንድ ሲ፤ ቲ፤ ጂ የሚባሉ ሦስት የዲ ኤን ኤ ፊደላት ከ5 እስከ 35 ጊዜ ያህል ይደጋገማሉ፤ በሕሙማኑ ዘንድ ግን ከ50 በላይ፤ በከፋባቸውም ከ1,000 በላይ ይደርሳሉ። ድግግሞሹ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ብዙውን ጊዜ ይረዝማል፤ በረዘመም መጠን ሕመሙ ይከፋል። አያትየውን የዓይን ሞራ፤ የልጅ ልጁን የሕፃንነት ድካም ያደረገው ይህ ነው። ፔንሮዝ ይህን ሳያዩ በ1972 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር፤ ትክክለኛዎቹ ግን ዘመዶቹ ነበሩ።

ሆኖም ግን አዲስ እንቈቅልሽ ተተከለ። ድግግሞሹ ያለው በጂኑ ውስጥ ፕሮቲኑ ተነግሮ ካለቀ በኋላ በሚመጣው ክፍል፤ ከደብዳቤ ፊርማ በታች እንደ ማለት ነው፤ የፕሮቲኑን ቃል አይለውጥም። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ለዚህ ሕመም ተመሳሳይ የሆነ ሁለተኛ ዓይነት ሥሩ በ3ኛው ክሮሞዞም ላይ፤ ፈጽሞ በሌላ ጂን ውስጥ፤ ያውም ተቈርጦ በሚጣል ኢንትሮን ላይ እንደሆነ ታወቀ። ሁለቱን ጂኖች የሚያመሳስላቸው የድግግሞሹ መርዘም ብቻ ነበር። በሮቸስተር፤ ኒው ዮርክ፤ የቻርልስ ቶርንተን ወገኖች በ2000 ዓ.ም. ይህን ድግግሞሽ ከሕመሙ ጋር ግንኙነት በሌለው በሌላ ጂን ላይ ቀጥለው ወደ አይጦች ቢያስገቡት አይጦቹን ማዮቶኒያ ያዛቸው። ስለዚህ ጥፋተኛው ግልባጩ፤ አር ኤን ኤው ራሱ ሆነ።

ጥፋቱን የሚሠራው እንዲህ ነው። በሕዋሱ ማዕከል የግልባጩን አቀጣጠል የሚቈጣጠሩ፤ መስልብላይንድ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ እንደ ደብር አራሚ ናቸው ልንል እንችላለን። የረዘመው ግልባጭ እነርሱ የሚይዙትን ዓይነት ፊደል በመቶና በሺህ ጊዜ ደጋግሞ ስለሚያቀርብላቸው፤ እንደ ሙጫ ይዟቸው ይቀራል፤ በማይክሮስኮፕም በኒውክሊየሱ ውስጥ ተሰብስበው እንደ ነጥብ ይታያሉ። አራሚው በአንድ ገጽ ላይ ተጣብቆ ሲቀር የሌላው ሁሉ ጽሑፍ እርማት ያጣል። በ2002 ዓ.ም. የቶርንተን ወገኖችና በሂውስተን የቶማስ ኩፐር ወገኖች ለየብቻቸው ባወጡት ጽሑፍ፤ በእነዚህ ሕሙማን ጡንቻ የክሎራይድ በር ግልባጭ ተሳስቶ እንደሚቀጣጠል አሳዩ። መጣል የሚገባው አንድ ቁራጭ፤ 7ሀ ብለን እንጥራው፤ ሳይጣል ይቀራል፤ እርሱም ከገባ ንባቡ ያለ ጊዜው ይቋረጥና በሩ አይሠራም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ይህ 7ሀ የተባለ ቁራጭ ባዕድ አለመሆኑ ነው። አዲስ በተወለደ አይጥ ጡንቻ ውስጥ በብዛት ይገባል፤ ግልገሉ ሲያድግ አራሚዎቹ ያስወጡታል። በ2003 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ዋነኛው አራሚ የጎደላቸው አይጦች ቢረቡ ይኸው የሕፃን ንባብ በጎልማሳነታቸው ቀጥሎ ማዮቶኒያና የዓይን ሞራ አገኛቸው። ሕመምተኛው የጎልማሳ ክንድ ይዞ በሕፃን ሥርዓት የተቀጣጠለ ግልባጭ ያነባል ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣ ሥራ ደግሞ ነገሩ በልብም እንደዚሁ መሆኑን አመለከተ፤ በሕሙማኑ ልብ ውስጥ የሶዲየም በር ለፅንስ የሚገባውን ቁራጭ መልሶ ይይዛል፤ ይህ በር ለመከፈት ስለሚዘገይ የልብ ምት የሚተላለፍበት ሥርዓት ይታወካል። እጅ አልፈታ ማለቱ ሰውን ያሳፍራል እንጂ አይገድልም፤ የልቡ ግን ይገድላል።

የአቀጣጠል ነገር ጉዳትን ብቻ ሳይሆን ምሕረትንም እንደሚያመጣ ለማሳየት አንድ ሌላ በር በአጭሩ እንጥቀስ። የልብና የአንጎል የካልሲየም በር ጂን ከሁለት ተተካኪ ቁራጮች፤ 8 እና 8ሀ ከተባሉት፤ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ይይዛል። በ8ሀ ላይ አንዲት ፊደል የተሳሳተችባቸው ሕፃናት ጣቶቻቸው ተጣብቀው ይወለዳሉ፤ የልባቸው ምት አደገኛ ነው፤ አእምሯቸውም ይጎዳል። ጢሞቲ ሲንድረም ይባላል፤ የጂኑም ስሕተት በ2004 ዓ.ም. ታወቀ። በ2024 ዓ.ም. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሰርጅዩ ፓሽካ ወገኖች ከሕሙማን ሕዋሳት ባበቀሉት የአንጎል ቅንጣት ላይ፤ ሕዋሱ 8ሀን ትቶ 8ን እንዲመርጥ የሚያደርግ ሰው ሠራሽ አጭር ሰንሰለት ቢጨምሩ ጉድለቱ ተስተካከለ። ጂኑን አልነኩትም፤ ንባቡን ብቻ ለወጡት። ይህ ግን በቤተ ሙከራና የሰው ሕዋስ በተተከለባቸው አይጦች ላይ የተሠራ እንጂ በሕፃናት ላይ አይደለም።

ለማዮቶኒክ ዲስትሮፊ ተመሳሳይ ሙከራ አስቀድሞ ተደርጓል። በ2007 ዓ.ም. የሮቸስተር ተመራማሪዎች 7ሀ የተባለውን ቁራጭ የሚሸፍን አጭር ሰንሰለት በታመመ አይጥ የእግር ጡንቻ ውስጥ ወጉ፤ ግልባጩ በጎልማሳ ሥርዓት ተቀጣጠለ፤ የክሎራይድ በሮች ተመለሱ፤ መርፌው ሲገባ ሲያጓራ የነበረው ጡንቻ ጸጥ አለ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የረዘመውን ግልባጭ ራሱን በማጥፋት በአይጦች ላይ መልካም ውጤት አገኙ። በሰው ላይ የተደረገው የመጀመሪያው ሙከራ ግን የተመኙትን አላስገኘም፤ በ2023 ዓ.ም. በታተመው ዘገባ እንደ ተገለጸው መድኃኒቱ ወደ ጡንቻ የገባው በሚበቃ መጠን አልነበረም። እስከዚያው ድረስ ሜክሲለቲን የሚባለው፤ የሶዲየምን በር የሚያግድ የቈየ የልብ መድኃኒት የእጅን መያዝ እንደሚያቃልል በ2010 ዓ.ም. በታተመ ሙከራ ታይቷል፤ የጡንቻውን መሟሸሽ ግን አያቆምም።

ከዚያ ወዲህ የተነሡት መድኃኒቶች ወደ ጡንቻ የሚገቡበትን መንገድ ለማግኘት ሰንሰለቱን ከአንቲቦዲ ጋር አያይዘው ይልኩታል፤ አንቲቦዲው ጡንቻ ብረት ለመቀበል በሚጠቀምበት መቀበያ ላይ ያርፍና ሰንሰለቱን ይዞ ይገባል። በእነዚህ ሙከራዎች ውጤቱ ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ እጅግ ቀላል ነው። ሕመምተኛው ጣቶቹን አጥብቆ ይጨብጣል፤ ከዚያ በተቻለው ፍጥነት ይፈታል፤ ካሜራ ፊት ለፊቱ ተተክሎ ጣቶቹ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጉ የፈጀባቸውን ሴኮንድ ይቈጥራል።